ብር ሳይሆን ሊትር ቁጠሪ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ ቤቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ጦር ኃይሎች። በቪትዝ እመላለሳለሁ። ከደመወዜ ሲሶው ቤንዚን ሆኗል። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴም፣ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜም ስንደዋወል ስለ ነዳጅ ነው የሚያማርሩት። ሁሉም ካማረረ ታዲያ ሰው እንዴት ነው የሚኖረው? ሌላ አገር ያለው ሕዝብ ምን ዘዴ አለው? ከነሱ የምማረው ካለ ንገሩኝ፤ ከሌለ መኪናዋን ልሽጣትና ልረፍ።»

ቆዪ፣ ለመሸጡ አትቸኩዪ።

እኔ ሃያ ዓመት ገደማ የሠራሁት የመኪና ስምሪት ላይ ነው። የሌላ ሰው ቤንዚን እየቆጠርኩ እንጀራ በላሁ ማለት ይቻላል። ከዚያ ሥራ የተማርኩትን አንድ ነገር መጀመሪያ ልንገርሽ፤ የቀረው ሁሉ ከሱ ይመዘዛል። ሰውን የሚጎዳው ማደያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም። ዋጋ በጨመረ ማግስት ሌላ መሄጃ ያለው ሰው አጉረምርሞ ያልፋል። የሌለው ወይ ይከፍላል ወይ ቤቱ ይቀራል።

ሁለት አገር ላወዳድርልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እነግርሻለሁ። ኖርዌይ ነዳጅ ለዓለም ትሸጣለች። ለራሷ ዜጋ ግን ከባድ ቀረጥ ጭና፣ በዓለም ውድ ከሚባሉት ዋጋዎች በአንዱ ነው የምትቀዳለት። ለዚህ ብሎ ጎማ ያቃጠለ ሰው ግን ሰምተሽ አታውቂም። በ2024 እዚያ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከ10ሩ 9 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ፤ ባቡርና አውቶቡስም አለ። ናይጄሪያም ነዳጅ አምራች ናት። በሜይ 2023 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ በበዓለ ሲመታቸው ዕለት «የነዳጅ ድጎማ አብቅቷል» አሉ። ከ200 ናይራ በታች የነበረው ሊትር በቀናት ውስጥ ከ480 በላይ ገባ። ወደ ዶላር ብትመነዝሪው ያኔም ከኖርዌይ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው። ሕዝቡን ግን ወገቡን ሰበረው።

ለምን? ሌጎስ ውስጥ ቤንዚን የመኪና ብቻ ስላልሆነ። መብራት ስለሚጠፋ ፀጉር አስተካካዩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሻጯም ደጃፋቸው ላይ ትንሽ ጄኔሬተር አላቸው። ስሟ ራሱ ያስቃል፤ «ከጎረቤቴ እሻላለሁ» ይሏታል። እሷም ቤንዚን ትጠጣለች። ስለዚህ ዋጋው ሲጨምር የታክሲ ሒሳብ ብቻ አይደለም የጨመረው፤ የፀጉር ቁርጥም፣ የቀዘቀዘ ውሃም፣ ከገጠር የሚመጣ ቲማቲምም ነው። የቻለ ሰው ጣራው ላይ ሶላር ሰቀለ፤ መንግሥትም መኪናና አውቶቡስ በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲሄዱ መቀየሪያ ማዕከላት አስከፈተ። ያልቻለው በእግሩ ሄደ። ይህን «በእግሩ ሄደ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አትዩት። በብዙ ድሃ አገር ትልቁ የነዳጅ ቁጠባ ዘዴ እሱ ነው፤ ግን ማንም ዘዴ ብሎ አይጽፈውም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በኦክቶበር 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ተጠጋ። ሆላንድ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለች። ከኖቬምበር 4 ጀምሮ ሰዉ በፈጣን አውራ ጎዳናው ላይ ብስክሌቱን ይዞ፣ ልጆች በተሽከርካሪ ጫማ፣ አንዳንዱም ፈረስ ጭኖ ወጣ። ፎቶዎቹን ስታዪ ሰርግ ይመስላል። ያው ድንጋጤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። በየካቲት 1966፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ጨመረ። የካቲት 11 ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቀነስ ቢያደርግም አልበረደም፤ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ለአብዮቱ ሌሎች ትልልቅ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሁሉንም ቤንዚን ላይ አልጭንም። ግን የሆላንዱ ሰው ሰኞ ጠዋት ባቡርና ብስክሌት ነበረው። የአዲስ አበባው ባለታክሲ ግን ያችው ታክሲው ብቻ ነበረችው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። አገር አገሩን ስታዪ ሰው ሦስት አራት ነገር ነው የሚያደርገው። ባዶ ወንበሩን ይሞላል። የሚያቃጥለውን ነገር ይቀይራል። ርካሽ ሰዓትና ርካሽ ቦታ ያድናል። ወይም ጉዞውን ይተዋል። ከነዚህ ውስጥ ሰው በጣም የሚያወራው ሦስተኛውን ነው፤ ትንሹን የሚያተርፈውም እሱ ነው። በጣም የሚያተርፈው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ልቆይ።

ወንድምሽን «ስለግ» ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂው። ከቨርጂኒያ ዳርቻ ወደ ፔንታጎንና ወደ ዋሽንግተን መሃል በሚያስገባው አውራ ጎዳና ላይ፣ 3ና ከዚያ በላይ ሰው ለያዘ መኪና የተለየ ፈጣን መስመር አለ። መስመሩ ለእንዲህ ያለ መኪና የተከፈተው በዚያው በ1973 መጨረሻ ነው፤ ያኔ 4 ሰው ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ብቻውን የሚነዳ ሰው በዚያ መስመር ልሂድ ካለ ይከፍላል፤ ሦስት ሆኖ የሄደ በነፃ ያልፋል። ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ማንም ሳያደራጀው ሰልፍ ፈጠረ፤ «ስለግ» የሚሉት ይህን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጠዋት ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ትሄጂያለሽ። ለየመድረሻው ሰልፍ አለ። ብቻውን የመጣ ባለመኪና ሰልፉ ጫፍ ላይ ይቆምና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፔንታጎን!» ይላል፤ የእኛ ወያላ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እንደሚለው። ከሰልፉ ፊት ያሉት ሁለቱ ይገባሉ። በሩ ይዘጋል፣ ይሄዳል። ገንዘብ የለም። አመሰግናለሁ ብሎ መውረድ ብቻ ነው። ሕግም አላቸው፣ ያልተጻፈ ግን የጠበቀ። ሹፌሩ ካልጀመረ ተሳፋሪ ወሬ አይጀምርም። ስልክ አይወራም፣ ምግብ አይበላም። ሴት ብቻዋን ሰልፍ ላይ አትቀርም፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ተራውን ይለቅላትና ቀድማ ትሄዳለች። ይህ ከሃምሳ ዓመት በኋላም በማያውቃቸው ሰዎች መካከል እየሠራ ነው። እኛ ግን በአንድ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ብሎክ፣ ከአንድ ፎቅ ወርደን አራት መኪና አስነስተን ወደ አንድ አቅጣጫ እንሄዳለን።

እኔ የምወደው የነገሩን ልክነት ነው። ማንም ለማንም ውለታ አልዋለም። ባለመኪናው ጊዜውንና የመንገድ ክፍያውን አተረፈ፤ ተሳፋሪው ጉዞውን። ውለታ ያለበት ነገር ቶሎ ይሰለቻል። ጥቅም ለጥቅም የሆነ ይሰነብታል።

ኩባ ደግሞ ይህንኑ በግድ አደረገችው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሶ ነዳጁ ሲቋረጥ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከቻይና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት አስገባች። ከባድ መኪና የሚጎትተው፣ ጣራው እንደ ግመል ጎበጥ ጎበጥ ያለ ግዙፍ አውቶቡስም ሠራች፤ ስሙንም «ግመል» አሉት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቢጫ የለበሱት ሠራተኞች ናቸው። ከከተማ መውጫ ላይ ይቆማሉ። የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና ባዶ ወንበር ይዞ ሲመጣ እጃቸውን አንስተው ያስቆሙታል፤ የሚጠብቀውን ሰው በተራ ያሳፍሩበታል። በእኛ ከተማ ስንት የመንግሥት ፒክ አፕ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ሲያልፍ አይተሻል? ይሄ ጥያቄ ለአንቺ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ነው።

እሺ፣ በቁጥር እንየው። ቪትዝሽ በአዲስ አበባ መጨናነቅ 100 ኪሎ ሜትር በ8 ሊትር ትሄዳለች እንበል። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ነው ብንል በቀን 3.2 ሊትር ነው። 22 የሥራ ቀን ቢኖር በወር 70 ሊትር ገደማ። መኪና ያላቸው ሦስት ጎረቤቶች ወይም የሥራ ባልደረቦች ፈልጊ፤ ወደ ጦር ኃይሎች ባይሆን እንኳ ወደ ሜክሲኮና ልደታ የሚሄዱ። በየሳምንቱ እየተለዋወጣችሁ አንድ መኪና ብቻ ይነዳ። የአንቺ 70 ሊትር ወደ 18 ይወርዳል። ዓለም ላይ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ በሚሸጥ ዘይትም ሆነ ማግኔት ይህን ያህል የሚቀንስ ነገር የለም። እንዲያ ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ ያታልልሻል።

ለምን በሳምንት መለዋወጥ አልኩ? ገንዘብ ሳይነካካ ስለሚያልቅ። ኮድ 2 ታርጋ ይዘሽ ከሰው ታሪፍ መቀበል ሌላ ጣጣ ነው፤ ትራፊኩም አለ፣ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱም «በክፍያ ጭነሽ ነበር?» ይላል። ዱባይ ያሉ ልጆቻችን «ካርሊፍት» የሚሉትን በደንብ ያውቁታል፤ እዚያም ያለ ፈቃድ በክፍያ ሰው መጫን ያስቀጣል። በተራ መንዳት ግን ጉርብትና ነው።

ከራሴም ልንገርሽ። እኛ አራት ሆነን ከአያት ወደ ካዛንቺስ እንዲህ ጀምረን በሦስተኛው ወር ፈረሰ። የፈረሰው በቤንዚን ሒሳብ አይደለም። በሰዓት ነው። አንዱ ወዳጃችን ሁልጊዜ «ደረጃ ላይ ነኝ» ይል ነበር፤ ደረጃው ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ቀን ጥለነው ሄድን፤ እስከ ፋሲካ አላናገረንም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፦ 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ አምስት ደቂቃ ተጠብቆ ይኬዳል፣ የቀረም ቅር አይለውም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሁሉን ነገር የሚይዘው እሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ የሚቃጠለውን መቀየር። እዚህ ላይ ዋና አስተማሪዋ ብራዚል ናት። ከ1973ቱ ድንጋጤ በኋላ፣ በ1975፣ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል አውጥቶ መኪና መንዳት የሚል ፕሮግራም ጀመረች። በ2003 ደግሞ ቤንዚንም አልኮልም፣ ሁለቱን ደባልቆም የሚጠጣ መኪና ገበያ ላይ ወጣ። አሁን ብራዚላዊው ማደያ ሲደርስ ሁለት ዋጋ ያያል። አልኮሉ በሊትር የሚይዘው ጉልበት ከቤንዚኑ 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ የአልኮሉን ዋጋ ለቤንዚኑ ያካፍላል። ውጤቱ ከ0.7 በታች ከሆነ አልኮል፣ በላይ ከሆነ ቤንዚን ያስቀዳል። ባለሥልጣን ሳይለምን፣ ሳይሰለፍ፣ በአንድ ማካፈል። ሌላ መሄጃ ማለት ይሄ ነው፤ ማደያው ውስጥ ሁለተኛ ቧንቧ።

ቱርክ ውስጥ ደግሞ ሲሶ ያህሉ የቤት መኪና የሚሄደው የማብሰያ ጋዝ በምንለው ዓይነት ነው። ሲሊንደሩ ትርፍ ጎማው ቦታ ይገባል። ርካሽ ነው። የዕቃ ቦታሽን ይወስዳል፤ አንዳንድ ዝግ የመኪና ማቆሚያ ውስጥም «ጋዝ የያዘ አይግባ» የሚል ታገኚያለሽ። እኛ አገር ይህን በየጋራዡ ልሞክር የሚል ካጋጠመሽ እለፊው። ጋዝ በልምድ የሚገጠም ነገር አይደለም፤ ደረጃውን የሚመረምር አካል ሳይኖር መኪና ውስጥ ሲሊንደር ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም።

ለእኛ ሁለተኛው ቧንቧ ሶኬቱ ሆኗል። መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ መብራታችን ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር በ15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ያንቺ 40 ኪሎ ሜትር 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን በቤትሽ የመብራት ታሪፍ አባዢውና ከ3.2 ሊትር ቤንዚን ጋር አስተያዪው፤ ራስሽ ትስቂያለሽ።

ግን ከመሳቅሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። የት ነው የምትሰኪው? አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ፣ መኪናሽ ታች በጋራ ግቢ፣ ቆጣሪሽ ደረጃ ሥር። ከመስኮት ገመድ አውርደው የሚሞሉ ሰዎች አይቻለሁ። ገመዱ ሲግል፣ ዝናብ ሲመጣ፣ ልጆች ሲረግጡት፤ እኔ እንጃ። ኮሚቴያችሁ ለማቆሚያው የተለየ ቆጣሪና መስመር ካስገባ ጥሩ። ካላስገባ መኪናሽን ሸጠሽ ኤሌክትሪክ ከመግዛትሽ በፊት ኮሚቴው ስብሰባ ሂጂ። ስብሰባው አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ሦስተኛው፣ ርካሽ ሰዓት ማደን። እህትሽ ይህን ታውቀዋለች። ጀርመን ውስጥ የአንድ ማደያ ዋጋ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል፤ ከ2013 ጀምሮ ማደያዎች ለውጡን ወዲያው ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ስለተገደዱ ሰዉ በስልኩ እያየ ይቀዳል። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ያለችበት ክፍለ ግዛት፣ ከ2001 ጀምሮ ከዚህ የጠነከረ ነገር አላት፤ ማደያው የነገውን ዋጋ ዛሬ ከሰዓት ያሳውቃል፣ ነገ ቀኑን ሙሉ መቀየር አይችልም። እስራኤል ውስጥ መንግሥት የቤንዚን ጣሪያ ዋጋ በየወሩ ያወጣል፤ ሊጨምር ነው ከተባለ የወሩ የመጨረሻ ማታ ማደያው ይጨናነቃል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ራሳቸው ወርደው ይቀዳሉ፤ ሠራተኛ ከቀዳልሽ ተጨማሪ ትከፍያለሽ። ኤምሬትስም ከኦገስት 2015 ጀምሮ ዋጋውን ከዓለም ገበያ ጋር አስራ በየወሩ ታውጃለች።

እዚህ ላይ የምለውን ስሚኝ። 40 ሊትር የሚይዝ ታንክ ይዘሽ፣ በሊትር 20 ሳንቲም ሸቀል (የእስራኤል ገንዘብ ነው) ለማትረፍ እኩለ ሌሊት ብትሰለፊ 8 ሸቀል ነው ያገኘሽው። አንድ ቡና እንኳ መግዛቱን እጠራጠራለሁ። ሰው ግን ይወደዋል፤ ማሸነፍ ስለሚመስል።

አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። ዋጋው የተተመነ ስለሆነ ከማደያ ማደያ የምታድኚው ርካሽ የለም። የምትከፍዪው ሰልፉን ነው። ትንሽ ሞተር እንኳ ቆሞ ሲያንኮራፋ በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ሊጨምር ነው የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ሰዓት ሞተር እያስነሱ እያጠፉ መሰለፍ፣ ያተረፍሽውን እዚያው መጠጣት ነው። ታንክሽ ግማሽ ሲደርስ፣ ሰልፍ በሌለበት ሰዓት ሙያትና እርሺው።

ሰልፍ የመረረው ሰው ደግሞ ጥቁር ገበያ ይሄዳል። ቤኒን ውስጥ ከናይጄሪያ በድብቅ የሚገባ ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በጠርሙስና በትልልቅ የመስታወት እንስራ ይሸጣል፤ «ፓዮ» ለሚባለው ለዚህ ቤንዚን ብሎ አገሬው ማደያውን እስከ መርሳት ደርሶ ነበር። ናይጄሪያ ድጎማውን ስታነሳ ግን በአንድ ሌሊት ተወደደ፤ የጎረቤት ድጎማ ላይ ቤቱን የሠራ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። የእኛው «ፓዮ» በሃይላንድ የሚሸጠው ነው። ክፍለ ሀገር ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ያለሱ አይሠሩም፤ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን አትግዢ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሯን ያንኳኳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፤ የሜካኒኩ ሒሳብ ሲመጣ ያተረፍሽውን ሦስቴ ትከፍያለሽ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን ማስቀመጥማ ጭራሽ አይነሳ።

ጉዞውን መተው የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰው ወዶ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ስሪላንካ በ2022 ዶላር ሲያልቅባት ነዳጅ ማስገባት አቃታት። ሰው ለቀናት ተሰለፈ፤ ሰልፍ ላይ የሞተም አለ። በጁላይ መንግሥት በስልክ የሚታይ የኪውአር ካርድ አመጣ፤ ለሞተር ብስክሌት በሳምንት 4 ሊትር፣ ለባለ ሦስት እግር 5፣ ለቤት መኪና 20። ሰልፉ አጠረ። 5 ሊትር ግን ለባጃጅ ሹፌር አንድ ቀንም አይሞላም፤ ቀሪውን ስድስት ቀን ልጆቹ ምን ይብሉ? ራሽን ሰልፍ ያጠፋል፣ እንጀራ አይጋግርም። እኛም በሐምሌ 2014 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር፣ ድጎማው በቴሌብር በኩል ለሕዝብ ማመላለሻ ሆነ። የቤት መኪና ያለው ግን ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ራሱን እንዲችል ነው የተነገረው። ጀርመኖች በዚያው 2022 በጋ ሁለቱንም ሞከሩ፤ የነዳጅ ቀረጥ ቀነሱ፣ ጎን ለጎን በ9 ዩሮ ወሩን ሙሉ በከተማ አውቶቡስና በአካባቢ ባቡር የሚያስኬድ ትኬት አወጡ። ቀረጡ ተመለሰ፣ ማንም አያስታውሰውም። ትኬቱን ግን እህትሽ እስካሁን ታነሳዋለች ብዬ እወራረዳለሁ፤ 52 ሚሊዮን ያህል ነው የተሸጠው። በኋላም በ49 ዩሮ ተመልሶ መጣ።

አሁን መሪው ላይ። ስለ አነዳድ ብዙ ምክር ትሰሚያለሽ፣ ግማሹ ጎጂ ነው። የመጀመሪያው ጎጂ፦ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ይህን የማያደርግ ሹፌር ለማግኘት እቸገር ነበር። በድሮው ካርቡራቶር መኪና ትንሽ እውነት ነበረው። በአሁኖቹ፣ ቪትዝሽም ጭምር፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ገብቶ እግርሽን ከቤንዚን ፔዳሉ ስታነሺ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ካደረግሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። አንዱ ሹፌራችን በዚህ ዘዴ ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ ቦይ ውስጥ ገባ። ተርፏል። ሲጠየቅ «ለመሥሪያ ቤቱ ልቆጥብ ብዬ» አለ፤ ምን ትይዋለሽ? አውቶማቲክ ከሆነችም ዲ ላይ ተያት፣ ቁልቁለቱ ሲጠና ኤል አስገቢ።

ሁለተኛው የጎማ ነፋስ ነው። ጎሚስታ በእግሩ ረግጦ «በቂ ነው» ሲልሽ አትመኚው። የሹፌሩን በር ከፍተሽ ምሰሶው ላይ ያለውን ተለጣፊ እይ፤ ቁጥሩ ተጽፏል። ጠዋት ጎማው ሳይግል አስለኪ። የላላ ጎማ መኪናዋን ጭቃ ውስጥ እንደምትሄድ ያደርጋታል።

ሦስተኛው ፍጥነት፤ ይህ የአዳማ መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። አሜሪካ በ1974 መጀመሪያ በአገር ደረጃ የፍጥነት ጣሪያዋን በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ላይ ያወረደችው ቤንዚን ለመቆጠብ ብላ ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ በካሬው ነው። ከ90 ወደ 120 ስትወጪ ግፊቱ በ78 በመቶ ያድጋል። 80 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የምታተርፊው 13 ደቂቃ ነው። ያችን 13 ደቂቃ ደግሞ መውጫው ላይ ክፍያ ስትጠብቂ ትመልሻታለሽ።

ከተማ ውስጥ ግን ፍጥነት ሳይሆን ፍሬን ነው ሌባው። ቀይ መብራት እያየሽ ቤንዚን ትሰጫለሽ፣ ከዚያ ፍሬን ትይዣለሽ። የገዛሽው ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ስንቴ ፍሬን እንደያዝሽ አንድ ቀን ቁጠሪ። በሚቀጥለው ቀን ከፊትሽ ካለው ሚኒባስ ትንሽ ራቅ በይና እንደገና ቁጠሪ። ሰው ይገባብሻል፣ ይግባ።

መሸጡን በተመለከተ አሁን መልስ አልሰጥሽም፤ አንድ ቁጥር ይጎድለኛል። «ከደመወዜ ሲሶው» ያልሽው ብር ነው፣ ብር ደግሞ በየወሩ ይለዋወጣል። ሊትሩን ነው የምፈልገው። ነገ ታንኩን ሙይ፣ ፓምፑ ራሱ ጠቅ ብሎ እስኪቆም ብቻ። ከዚያ በላይ ጨምሪ ብለሽ አታስጨምሪ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሁለት ሳምንት እንደ ወትሮው ንጂ። ከዚያ እዚያው ማደያ፣ በዚያው ፓምፕ፣ እንደገና ጠቅ እስኪል ሙይና የገባውን ሊትርና አዲሱን ኪሎ ሜትር ጻፊልኝ። በ100 ኪሎ ሜትር ከ9 ሊትር በላይ ከወጣ መኪናዋ ታማለች፣ መጀመሪያ ፊልትሮና ካንዴላ እናያለን። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ጤነኛ ናት፤ ያኔ ጎረቤት ፍለጋ ነው የምንወጣው።